ደህና ነኝ አልልም ያለችው ይርገዱ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው አንድ አንገት ነው። ስለዚህ «የማን አንገት?» በሉኝ። እኔም የይርገዱ እላችኋለሁ።

ይርገዱ ዋርካ በር በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ሹሩባ ሠሪ ናት። እሷ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ የምትሠራት ሴት ከፊቷ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ይርገዱ አንገቷን ደፍታ በሚዶ ትከፍላለች፣ ትጎነጉናለች። ለሠርግ ሆነ ለክርስትና፣ ለመውሊድ ሆነ ለጥምቀት፣ ከዋርካ በር የወጣ ያማረ ራስ ሁሉ እሷ ጎንበስ ብላ የሠራችው ነው። ሹሩባ የእጅ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ጎንበስ ብለው ስላላዩት ነው። የአንገት ሥራ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ይርገዱ ከገበያ ቅቤ ገዝታ በባጃጅ ስትመለስ፣ ጠጠር የጫነ መኪና ከኋላ መጥቶ ባጃጇን ገጫት። መኪናው በዚያ አልበቃውም፤ መንገድ ስቶ ሄደና የመብራት ምሰሶ ጣለ። ምሰሶው ተጋደመ፣ የከተማው መብራት ጠፋ። የይርገዱ ራስ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ኋላ ሄደ። ደም የለም፣ የተሰበረ አጥንት የለም። የተሰበሰበው ሰው «ተመስገን፣ ምንም አልሆነችም!» አለ። ሰው ደም ካላየ አደጋ አይመስለውም፤ ይህ አመላችን እኔን ሁሌም ያናድደኛል።

የትራፊክ ሳጅኑ ደረሰ። ወረቀቱን አወጣና «እንዴት ነሽ እናቴ? ደህና ነሽ?» አላት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ደህና ነህ? ልጆችህስ ደህና ናቸው?» አለችው።

ሌላ ምን ልትል ኖሯል? በእኛ አገር ሰው ነፍሱ ልትወጣ አንድ ሐሙስ ቢቀራት እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ሳጅኑም ደህና መሆኑን ነገራት፣ ልጆቹም ደህና መሆናቸውን ነገራት፣ ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ።

በማግስቱ ይርገዱ ከእንቅልፏ ስትነሳ አንገቷ አልዞርም አለ። ወደ ቀኝ ብትለው አልዞርም፣ ወደ ግራ ብትለው አልዞርም፣ ወደ ታች ብትለው እሳት ሆነ። ለሹሩባ የመጣችውን ሙሽራ መለሰች። በሳምንቱ ሌላ ሙሽራ መለሰች። ይርገዱ ባሏ የሞተባት፣ በዚህ አንገት የምታድር ሴት ናት። የባጃጁ ሹፌር መጥቶ «እትዬ፣ የገጨሽ መኪና ኢንሹራንስ አለው። ሂጂና የአንገትሽን ካሳ ጠይቂ፤ በካሳው ትልቁ ከተማ ሄደሽ ትታከሚያለሽ» አላት።

ከዚህ በኋላ ይርገዱ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንገቷን ካሳ።

ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደች። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠውን ጸሐፊ «ልጄ፣ አንገቴ አልዞርም አለ። ካሳዬን ክፈሉኝ» አለችው።

ጸሐፊው አያት፤ ደም ፈለገ፣ አጣ። ፋይል ገለጠ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ ‹ተሳፋሪዋ ደህና መሆኗን በራሷ አንደበት አረጋግጣለች› ይላል። ሳጅኑ ካላስተካከለው አልከፍልም።»

«እሱ እኮ ሰላምታ ነው!»

«እኛ ዘንድ ማስረጃ ነው» አለና ፋይሉን ዘጋ።

ወደ ሳጅኑ ሄደች። «ሳጅን፣ አንገቴ አልዞርም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። በል እንግዲህ አስተካክለህ ጻፍልኝ።»

ሳጅኑ ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጽሑፉን ግን እንደ ታቦት የሚፈራ ሰው ነው። «እናቴ፣ አንዴ ማኅተም ያረፈበት በአፍ አይሰረዝም። ሐኪም ፈርሞ ወረቀት ይስጥሽ፤ ያኔ እጽፋለሁ። ያለዚያ አልጽፍም» አላት።

ወደ ሐኪሙ ሄደች። «ዶክተር፣ አንገቴ አልዞርም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፣ ሳጅኑ አልጽፍም አለ። እባክዎ እርስዎ ይፈርሙልኝ።»

ሐኪሙ ወጣት ነው። በሁለት ጣቱ አንገቷን ቢነካት ጩኸቷ እስከ ካርድ ክፍሉ ተሰማ። «አምኜዎታለሁ፣ እናቴ። ኢንሹራንሱ ግን ጣቴን አያምንም፤ ራጅ የት አለ ብሎ ወረቀቴን ይመልሰዋል። ራጅ ሳላይ አልፈርምም» አላት።

ወደ ራጅ ክፍሉ ሄደች። «ወንድሜ፣ አንገቴ አልዞርም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፣ ሳጅኑ አልጽፍም አለ፣ ሐኪሙ አልፈርምም አለ። ይህን ማሽንህን አስነሳና አንገቴን አንሳልኝ።»

የራጁ ባለሙያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። «በምን መብራት? የሆስፒታሉ ትንሽ ጄኔሬተር ማዋለጃ ክፍሉንና የክትባቱን ፍሪጅ ይዞ ነው የሚያቃስተው። ይህን ማሽን ብጨምርበት ሦስቱም ይሞታሉ። መብራት ካልመጣ ራጁ አያነሳም» አላት። ከብርቱካኑ ግማሹን ሰጣት። ተቀበለችው፤ ከዚያ ሁሉ ቢሮ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው።

ወደ መብራት ጽሕፈት ቤት ሄደች። የመስመር ሠራተኛውን ግቢው ውስጥ አገኘችው። «ወንድሜ፣ አንገቴ አልዞርም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፣ ሳጅኑ አልጽፍም አለ፣ ሐኪሙ አልፈርምም አለ፣ ራጁ አላነሳም አለ። መብራቱን አምጣልኝ።»

«መብራቱ ምሰሶ ሳይቆም እንዴት ይመጣል?»

«ታዲያ ምሰሶውን አቁመዋ!»

ሠራተኛው በእጁ አሳያት። አዲስ ምሰሶ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል፣ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። «ይኸውልሽ፣ ምሰሶ አለ። የጣለው መኪና ኢንሹራንስ ካልከፈለ ግን ምሰሶው ከዚህ ግቢ ወጥቶ አይቆምም። ትእዛዝ ነው» አላት።

ይርገዱ መንገድ ላይ ቆመች። አንገቷ ስለማይዞር መላ አካሏን አዞረችና ወደ መጣችበት ተመለሰች። ኢንሹራንስ ቢሮው ስትገባ አልተቀመጠችም።

«ስማኝ ልጄ። አንገቴ አልዞርም አለ፣ አንተ አልከፍልም አልክ፣ ሳጅኑ አልጽፍም አለ፣ ሐኪሙ አልፈርምም አለ፣ ራጁ አላነሳም አለ፣ መብራቱ አልመጣም አለ፣ ምሰሶው አልቆምም አለ። ምሰሶውን ደግሞ ያስተኛኸው አንተ ነህ! የምሰሶውን ክፈልና ሁላችንም እንነሳ።»

ጸሐፊው ሳቅ አለ። «የምሰሶው ክፍያ አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ነገር ግን እትዬ፣ አደጋው አንድ ነው፣ ፋይሉም አንድ ነው። ምሰሶውና አንገትሽ እዚህ ፋይል ውስጥ አብረው ነው ያሉት። ያንቺ ካልተዘጋ የምሰሶውም አይከፈልም።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ቀላል መንገድ አለ። እዚች ላይ ‹ደህና ነኝ፣ ምንም አልጠይቅም› ብለሽ ፈርሚ። ፋይሉ ይዘጋል፣ ምሰሶው ይቆማል፣ መብራቱ ይመጣል።»

«አንገቴስ?»

«አንገትሽማ ደህና ነው፤ ፈርመሻል እኮ።»

እኔ ብሆን ወረቀቱን ቀድጄ አፉ ውስጥ እከተው ነበር። ይርገዱ ከእኔ ትሻላለች። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችና «ደህና ነኝ አልልም» አለች። ወጥታም ሄደች።

አሁን ሰንሰለቱ ሞላ። አንገቱ አልዞርም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፣ ሳጅኑ አልጽፍም አለ፣ ሐኪሙ አልፈርምም አለ፣ ራጁ አላነሳም አለ፣ መብራቱ አልመጣም አለ፣ ምሰሶው አልቆምም አለ፣ ይርገዱም ደህና ነኝ አልልም አለች። ሰባቱ እምቢ ሲሉ የከተማው ሰው «ምን ይደረግ፣ አሠራር ነው» ብሎ ነበር። ስምንተኛዋ እምቢ ስትል ግን «ጉድ! ምን ያለች ደረቅ ሴት ናት!» አለ።

ወሬው በአንድ ቀን ዳር እስከ ዳር ደረሰ። ወፍጮ ቆሟል፣ ብየዳ ቆሟል፣ ስልክ የሚሞላበት የለም፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው ይርገዱ ናት ተባለ። መኪናው ተረሳ። እህል በአህያ ጭነው ሌላ ከተማ የሚያስፈጩ ሴቶች በበሯ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩ። አንዷማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አንድ ቃል ተናግሮ አገር ማብራት ምን ይከብዳል?» ብላ አለፈች። ይርገዱ ያን ቀን አለቀሰች። እልኋንም አልደብቃችሁ፤ እንባዋን ጠርጋ ወረቀቱ ካለበት ቢሮ በኩል ላለማለፍ ሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች።

በሦስተኛው እሁድ ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ በዋርካ በር ቃላቸው የማይታለፍ፣ ስንቱን ደም ያደረቁ አዛውንት። ከእሳቸው ቀጥሎ አቶ አስማማው፣ የመኪናውና የጠጠር ማምረቻው ባለቤት። ከኋላ ስድስት ወንዶች። በመካከላቸው ደምሌ፣ ያን መኪና ይነዳ የነበረው ልጅ፣ እንደ አገሩ ደንብ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ለይቅርታ ተጎንብሶ ይመጣል። መንጃ ፈቃዱን ፖሊስ ይዞበታል፤ ፋይሉ ካልተዘጋ አይመለስለትም፤ ሚስቱ ደግሞ አራስ ናት።

ደምሌ ደጇ ላይ ተንበረከከ። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።»

ይርገዱ ድንጋዩን አየችው። አየችውና እሷው አንገት ላይ የተጫነ ያህል አመማት። «አውርደው ልጄ፣ አውርደው! ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው፣ ከአንገት በላይ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። «ዘርሽ ይባረክ!» አሉ። አቶ አስማማው ፈጠን ብለው ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። ያች ወረቀት ናት። «በይ እንግዲህ ይርገዱ፣ ይቅር ካልሽ እዚህ ላይ ፈርሚና ነገሩ ይለቅ።»

«አቶ አስማማው፣ ይቅር ያልኩት ደምሌን ነው። ወረቀቱን ይቅር አላልኩም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ደምሌ አጥፍቻለሁ አለኝ። ወረቀቱ ምንም አልሆንሽም ይለኛል።»

አቶ አስማማው ተቆጡ። «ይሄው! አይታችኋል? የአገር ሽማግሌ በደጇ ቆሞ፣ ትዕቢቷ ጎንበስ ብላ እጅ እንኳ እንድትነሳ አልፈቀደላትም!»

እውነት ነው፣ ይርገዱ እጅ አልነሳችም። ሁሉም አይተውታል፣ ሁሉም ከፍቷቸዋል። ሐጂ እንድሪስ ዝግ ብለው ተናገሩ። «ልጄ ይርገዱ፣ አባትሽም እናትሽም ወዳጆቼ ነበሩ። ከተማው ጨለመ። ስለ እኔ ስትይ አንዲት ቃል በይ።»

«ሐጂ፣ በእርስዎ ፊት እምቢ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን እምቢ። አንገቴ አልዞርም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፣ ሳጅኑ አልጽፍም አለ፣ ሐኪሙ አልፈርምም አለ፣ ራጁ አላነሳም አለ፣ መብራቱ አልመጣም አለ፣ ምሰሶው አልቆምም አለ። እነሱን ማን ለመናቸው? ለእነሱ ደጅ ማን ድንጋይ ተሸከመ? ሁሉ እምቢ ብሎ ሲያበቃ እሺ በይ የምትሉት ያመመኝን እኔን ነው። እጅ አልነሳችም ላላችሁት ደግሞ፣ ሐጂ፣ እርስዎ ይዩት።»

ለሐጂ እንድሪስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዳደረገችው ልትጎነበስ ሞከረች። ትንሽ ሄደችና ቆመች። እንደገና ሞከረች። ፊቷ አመድ መሰለ፣ እጇ የበሩን መቃን ያዘ፣ ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ የሰሙት ሁሉ ከዚያ ወዲያ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ደምሌ እስካሁን ያላወረደውን ድንጋይ ጣለና ደገፋት።

ሐጂ እንድሪስ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ተዪው! ተዪው ልጄ!» አሉ። ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «በአላህ፣ ይህች ሴት ደህና ናት? አስማማው፣ ደህና ናት በልና በመጀመሪያ አንተ ፈርም።»

አቶ አስማማው አልፈረሙም።

«እኔ ለማስታረቅ የመጣሁ መስሎኝ ለሐሰት ምስክርነት መጥቻለሁ» አሉ ሐጂ። «አውፍ በይኝ። ምን እናድርግልሽ?»

«መብራቱ እስኪመጣ አልጠብቅም» አለች ይርገዱ። «እኔ የምፈልገው አንድ ራጅ የሚያነሳ ያህል ኃይል ነው። አቶ አስማማው፣ ድንጋይ የሚፈጨው ያ ባለ ጎማ ጄኔሬተርዎ ዛሬ እሁድ ምን ይሠራል?»

«እሱማ… ያርፋል።»

«እኔ ሳላርፍ?»

«ከባድ ነው እኮ፤ ናፍጣ ይጠጣል፤ የሆስፒታሉን ዳገትም…» አቶ አስማማው ብዙ ሊናገሩ ፈልገው ነበር። ቀና ሲሉ ዘጠኝ ፊት አዩ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ በበሯ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩባት ሴቶች ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል። በሰንሰለቱ ላይ ዘጠነኛ እምቢ ባይ መሆን ይቻል ነበር፤ ያን ዕለት ግን እሱን የሚችል ትከሻ አልነበራቸውም። «ውሰዱት» አሉ።

ደምሌ የጄኔሬተሩን ገመድ ትከሻው ላይ አደረገ። መኪና መንዳት ተከልክሏል፣ መጎተት ግን ማን ከለከለው? ስድስቱ ወንዶች ያዙ፣ ሴቶቹ ከኋላ ገፉ፣ ያች «አንድ ቃል ምን ይከብዳል» ያለችው ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁሉ አብልጣ ገፋች። አቶ አስማማው እንኳ «ጎማውን ተጠንቀቁ!» ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ መግፋት ጀመሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? አንበሳ ለማሰር ብቻ ሳይሆን ጄኔሬተር ዳገት ለማውጣትም ይሆናል።

እና ያኔ፣ ልጆቼ፣ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተፈተለከ። ደምሌ ገመዱን ሳበ፣ ገመዱ ጄኔሬተሩን አመጣ፣ ጄኔሬተሩ ራጁን ቀሰቀሰ። የራጁ ባለሙያ ፊልሙን ወደ መስኮት ብርሃን ያዘውና ፉጨት አሰማ። «የሰው አንገት ሲፈጠር ትንሽ ቆልመም ያለ ነው። ያንቺ እንደ ዱላ ቀጥ ብሏል፤ ጡንቻው ጨምድዶ ይዞት አልለቅም ብሏል» አላት። ራጁ አነሳ፣ ሐኪሙ ፈረመ። ‹ደም የሌለው ጉዳት ጉዳት ነው፤ የስድስት ወር ሕክምና ያስፈልጋታል› ብሎ ከፊርማው በላይ አሰመረበት። ሐኪሙ ፈረመ፣ ሳጅኑ ጻፈ። ሲጽፍ አንገቱን ደፍቶ «እናቴ፣ ያን ዕለት የት ጋ ያምሻል ማለት ነበረብኝ» አላት። ሳጅኑ ጻፈ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ጸሐፊው አነበበ።

ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበ። «የሦስት ወር ብንለውስ?» አለ።

«ስድስት» አለች ይርገዱ።

«አራት።»

ይርገዱ ወንበር ሳበችና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቢሮ ተቀመጠች። ከበሩ ውጭ ሐጂ እንድሪስ ቆመዋል፣ ደምሌ ቆሟል፣ ጄኔሬተር የገፋው ከተማ ሁሉ ቆሟል። ጸሐፊው ወደ በሩ አየና ስድስት ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ ምሰሶው ቆመ፣ መብራቱ መጣ፣ ወፍጮው ዞረ፣ ደምሌ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ፣ ይርገዱም የአንገቷን ካሳ በእጇ ያዘች። የአንገቷ ነገር ገና ነው፤ እሱ በስድስት ወር ቀስ እያለ ይዞራል።

ከቢሮው ልትወጣ ስትል ጸሐፊው፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ «በይ እትዬ፣ እንግዲህ ደህና ነሽ?» አላት።

«አንገቴን ያመኛል» አለች ይርገዱ። «ነገ በጠዋት ለሕክምና እሄዳለሁ። አንተስ እንዴት ነህ?»

«እኔማ ደህና፣ እግዚአብሔር…» ብሎ ጀመረና ጸሐፊው ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። የተቀመጠበትን ወንበር አየ፣ በሩን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወገቤን፣ እትዬ። ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ይርገዱ ተመልሳ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋች። «የት ጋ?» አለችው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱ ግን ከእምቢታዎቹ አንዱንም እንዳትዘሉ።